የእማዬ ሳሎን፣ አንድ አሥራ ሁለተኛ

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በሚገኝ አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ስለ አሻንጉሊት ቤት ሥራ ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ወዳጆች ስለጠየቁኝ ከማስታወሻዬ ገልብጬ ጻፍኩት።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ጣጣ እያለባችሁ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ወሬ ከመጀመሬ በፊት ይቺን እየተቀባበላችሁ እዩልኝ። መዳፋችሁ ላይ አስቀምጧት እንጂ በጣት አትጫኗት፤ አንገቷ ስስ ነው። ጀበና ናት። ቁመቷ 2 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር። ሆዷ ከተበጠሰ የአንገት ጌጥ የተረፈ የእንጨት ዶቃ ነው። አንገቷ የስቴኪኒ ቁራጭ ነው። ቡናው የሚወርድበት አፏ ከአሮጌ የስልክ ቻርጀር ሽቦ የተገፈፈ ላስቲክ ነው። ጆሮዋ የዳቦ ላስቲክ የሚታሰርባት ቀጭን ሽቦ ናት። ጥቁር ቀለም ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ቀላቅዬ ቀባኋት። ሶዳው ቀለሙን ያሻክረዋል፤ ሲደርቅ ሸክላ ይመስላል። ለዚህች ጀበና ያወጣሁት ገንዘብ የለም። የወሰደችብኝ ጊዜ ግን ሁለት ምሽት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላት የአሻንጉሊት ቤት ግዢልኝ አለችኝ። የእጅ ሥራ ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ይዣት ሄድኩ። መደርደሪያው ሙሉ ነበር። ባለ ሦስት ፎቅ የእንግሊዝ ቤት። የእሳት ማሞቂያ ያለው ሳሎን። መጋረጃ የተንጠለጠለበት ባለ አራት ምሰሶ አልጋ። አበባ የተሳለበት የሻይ ዕቃ፣ ፒያኖ፣ የገና ዛፍ። ልጄ እያንዳንዱን ክፍል ጎንበስ እያለች አየችና «ቡና የሚፈላው የት ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ሌሊቱን ስልኬ ላይ ስፈልግ አመሸሁ። መሶብ የለም። ረከቦት የለም። ምጣድ የለም። ቢጫ ጀሪካን የለም። ዓለም ላይ ስንት ሚሊዮን ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ በድንክዬ መጠን የሚሸጠው ጠፋ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ይህ ነው። ከተጣለ ዕቃና ዶላር ስቶር ከሚባለው የርካሽ ዕቃ ሱቅ በተገዛ ነገር የአሻንጉሊት ቤት መሥራት ለብዙ አሜሪካዊ ገንዘብ መቆጠቢያ ነው። ለእኛ ግን ከዚያ ይለያል። እኛ ያደግንበትን ቤት ማንም በካርቶን አሽጎ አይሸጥልንም። ከቆሻሻ መጣያው ካላወጣነው የትም አናገኘውም።

ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም። ዕቃ ዕቃ ያልተጫወተ እጁን ያውጣ እስቲ። አያችሁ? ማንም የለም። ቆርኪ ድስት ነበር። ጭቃ ወጥ ነበር። ቅጠል እንጀራ ነበር። ወንዶቹ የሰርዲን ጣሳ መኪና አድርገው፣ ቆርኪ ጎማ አስገብተው በሲባጎ ይጎትቱ ነበር። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ትንሹ ሁልጊዜ ልጅ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ዕቃ መጣል አያውቁም ነበር። «ቆራሌው!» ሲባል ጠርሙስና ጣሳ ተሰብስቦ ይወጣል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል። በርሜል ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ እግር ላይ ይወጣል። ዕቃን ከሥራው ነጥሎ ማየት እዚያ ዕለታዊ እንጀራ ነው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ደግሞ ቤተ እስራኤል ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ሠርተው ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ትንንሽ ሰው፣ ትንንሽ እንስሳ፣ ከዚያው ማሰሮ ከሚሠራበት አፈር። ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያውን ይዘውት የሄዱ አሉ።

በአውሮፓ የአሻንጉሊት ቤት ሲጀመር የልጅ መጫወቻ አልነበረም። የሀብታም ጎልማሶች መኩሪያ ነበር። አምስተርዳም ራይክስሙዚየም ውስጥ የፔትሮኔላ ኦርትማን ቤት አለ። ከ1686 እስከ 1710 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ለእሱ ያወጣችው ገንዘብ በአምስተርዳም ቦይ ዳር እውነተኛ ቤት ይገዛ ነበር። እንግሊዝ አገር ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ለንግሥት ሜሪ የተሠራው ቤት አለ። በ1924 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ ነው። ንድፉን ያወጣው ሰር ኤድዊን ለቲየንስ ነበር። ቧንቧው ውኃ ያወርዳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሊፍቱ ይሠራል። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ናርሲሳ ቶርን ያሠራቻቸው 68 ድንክዬ ክፍሎች በአርት ኢንስቲትዩት ይታያሉ። ሁሉም ያምራሉ። ግን አብዛኞቹ የባለጸጋ ቤት ናቸው።

እኔን ያነቃችኝ ሌላ ሴት ናት። ፍራንሰስ ግሌስነር ሊ ትባላለች። በ1878 እ.ኤ.አ. የተወለደች የቺካጎ ሀብታም ልጅ ነበረች። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የሞት ምርመራ ለሚማሩ ፖሊሶች ድንክዬ ክፍሎች ሠራች። እያንዳንዱ ክፍል ሰው የሞተበት ቦታ ነው። ፖሊሱ በባትሪ እያበራ፣ ማስረጃውን በዓይኑ እየፈለገ ይማርበታል። 18ቱ ዛሬም ባልቲሞር፣ ከዚህ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ በሜሪላንድ ዋና የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ይገኛሉ። በ2017 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ሬንዊክ ጋለሪ ለሕዝብ ቀርበው ነበር። ያኔ ሄጄ አየኋቸው።

ክፍሎቹ ዘግናኝ ናቸው፤ ልጅ አትውሰዱ። እኔን ያስቆመኝ ግን ሬሳው አልነበረም። ኩሽናው ነበር። ሊ የድሃ ሰው ቤት ሠርታለች። የኪራይ ክፍል፣ ያረጀ የግድግዳ ወረቀት፣ የተሰጣ ልብስ። የአሻንጉሊቶቹን ካልሲ በተራ የስፌት እስፒል ሹራብ እየሠራች አልብሳቸዋለች። የተራ ሰው ኩሽና እንዲህ በጥንቃቄ ሊሠራ ይገባዋል ብላ ያመነች የመጀመሪያዋ ሰው ሆና ታየችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የእንግሊዝ ቤት መግዛት ተውኩ። የእኛን ቤት፣ ካዛንቺስ የነበረውን፣ እሠራለሁ አልኩ።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የጣሊያን ዘመን ትራፊ ነው። ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው። የእኛ ቤት ግን ከእነዚያ አንዱ አልነበረም። የጭቃ ቤት ነበር፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ አቡጀዴ ኮርኒስ። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። ቤቱ ዛሬ የለም። እማዬ አሁን ሌላ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ መጠን።

በዚህ ሥራ በጣም የተለመደው ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። የንግሥት ሜሪም፣ የቶርንም፣ የሊም ክፍሎች በዚህ ልክ የተሠሩ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ፣ ጫማውን ኢንች ብሎ መቁጠር ነው። እኛ በሜትር ያደግን ደግሞ ለ12 እናካፍላለን። 1 ሜትር ማለት 8 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ ሳሎን 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነበር። ሲካፈል 33 በ29 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእማዬ ሳሎን የፒዛ ካርቶን ላይ ይገባል ማለት ነው።

ዕቃ ሲመረጥ ግን በየሱቁ ቆሞ ማካፈል አድካሚ ነው። ስለዚህ መለኪያ ሠራሁ። እማዬ 1 ሜትር ከ62 ናት። ለ12 ስትካፈል 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች። ከኮርንፍሌክስ ካርቶን በዚያ ቁመት አንዲት ሴት ቆረጥኩ። ነጠላ ሳልኩላት። ቦርሳዬ ውስጥ ናት፤ ይኸው። ዶላር ስቶር ስገባ አወጣትና ዕቃው ጎን አቆማታለሁ። እቃው እጉልበቷ ድረስ ከደረሰ በርጩማ ነው። ወገቧ ድረስ ከደረሰ ጠረጴዛ ነው። በክንዷ ማቀፍ የምትችለው ከሆነ ሳፋ ነው። ከራሷ በላይ ከሆነ ቁምሳጥን ነው።

በዚህ ዓይን ማየት ስትጀምሩ ቤታችሁ ይለወጣል። የወተት ጋሎን ክዳን አለ አይደል? ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ነው። በ12 አባዙት፤ 46 ሴንቲ ሜትር። ልክ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ! የክብሪት ሣጥን 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያ ማለት 60 ሴንቲ ሜትር። መሳቢያው ተገልብጦ ረከቦት ይሆናል። ሽፋኑ ደግሞ የድሮው ቴሌቪዥን ይሆናል፤ ከአሮጌ ቀሚስ ጠርዝ የተቆረጠች ዳንቴል ላዩ ላይ ትጣልበታለች። ዳንቴል የሌለበት ቴሌቪዥን በእኛ ሰፈር አላየሁም። የወይን ጠርሙስ ቡሽ በከተር ተጠርቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተሽሎ፣ ቢጫ ሲቀባ ጀሪካን ነው። ጥቁሩ የምግብ መያዣ ፕላስቲክ፣ ያ ሬስቶራንት የሚሰጣችሁ፣ በ4 ሴንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር ክብ ሲቆረጥ ምጣድ ይወጣዋል። የቡና መማሰያ እንጨት ጣውላ ነው። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተቀዶ ሲለጠፍ የድንጋይ አጥር ይሆናል።

ዶላር ትሪ በሚባለው ዶላር ስቶር ዛሬ አብዛኛው ዕቃ 1 ዶላር አይደለም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሆኗል፣ ከዚያ በላይም የሚሸጠው በዝቷል። ቢሆንም የምገዛው ጥቂት ነው። ነጭ ሙጫ፣ የጥልፍ ክር፣ የእንጨት ዶቃ፣ አክሪሊክ ቀለም፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሹ ሻማ። የቀረውን ኩሽናዬ ይሰጠኛል።

አሁን መሶቡን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ይህን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ከሠራሁት ሁሉ የምወደው እሱን ስለሆነ።

ቢሮ የምትሠሩ የኬ-ካፕ ቡና ታውቃላችሁ። ያቺ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ፣ አንድ ሲኒ ቡና አውጥታ የምትጣለዋ። ቁመቷ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አፏ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቂጧ ጠበብ ይላል። ገልብጧት። እግሩ ሰፍቶ ወደ ላይ የሚጠብ ነገር አገኛችሁ። የመሶብ እግር ነው! እማዬ ጎን ሳቆመው ከወገቧ ዝቅ ይላል። በትክክል እዚያ ነው መድረስ ያለበት።

ላዩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ካርቶን ይለጠፋል። የክዳኑ ቅርጽ ደግሞ ከወፍራም ወረቀት የተጠቀለለ ጉልላት ነው። ከዚያ ክሩ ይጀምራል። እውነተኛው መሶብ ስንደዶና አክርማ ነው፤ በወስፌ እየተወጋ፣ እየተጠመጠመ የሚወጣ። አንዱ ዙር እንደ እርሳስ ይወፍራል፣ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለ12 ሲካፈል ግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክር ነው። ሙሉውን ብትጠመጥሙት ገመድ የተጠመጠመበት ባልዲ ይመስላል፤ የመጀመሪያው መሶቤ እንደዚያ ሆኖ ፈታሁት። ለሁለት ክፈሉትና በሦስቱ ጠምጥሙ። ሙጫውን በስቴኪኒ ቀቡ፤ በትንሽ በትንሹ፣ የአንድ ጣት ስፋት ብቻ። ከታች ጀምሩ። እያንዳንዱን ዙር ከሥሩ ካለው ጋር በጥፍራችሁ አጠጋጉ።

ቀለሙ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ እየቀያየሩ መጠምጠም ቀላል ነው፤ ግን ቀለበት ብቻ ነው የሚወጣው። የመሶብ ጥለት ቀለበት አይደለም። ጥርስ አለው፣ ደረጃ አለው። እሱን ለማምጣት ስፌት ክር በቀጭን መርፌ ከላይ ወደ ታች ማሳለፍ ነው፣ ሁለት ዙር እየዘለሉ። ዓይኔ ደከመ፣ መነጽር ገዛሁ። አንድ መሶብ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያን ጊዜ ነው አያቴ ለእማዬ ሰርግ የሰፋችው መሶብ ምን ያህል የሰው ዕድሜ እንደያዘ የገባኝ። አንድ አሥራ ሁለተኛዋ ይህን ያህል ካደከመ፣ ትልቁስ?

ከኩባያዋ ውስጥ የወጣውን የቡና አተላ አትጣሉት። ግድግዳ ነው።

ይህኛውን በጉዳት ነው የተማርኩት። የጭቃ ግድግዳ ለማምጣት የቡና አተላ ከነጭ ሙጫ ጋር አቡክቼ ካርቶን ላይ ለሰንኩ። ቀለሙ፣ ሽታው፣ ስንጥቁ ሁሉ ልክ ነበር። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በሳምንቱ ነጭ ሻጋታ አበቀለ። አተላው ውስጡ እርጥብ ነበር። አራት ግድግዳ፣ ከነመስኮቱ፣ ጠቅልዬ ጣልኩ። አሁን አተላውን ትሪ ላይ አስፍቼ በኦቭን፣ በትንሽ እሳት፣ እንደ አሸዋ እስኪበተን አደርቀዋለሁ። ከዚያ ከሙጫውና ከቡናማ ቀለም ጋር አቦካዋለሁ። ገለባ ካስፈለገ ከአሮጌ መጥረጊያ አንድ ዘለላ በመቀስ አድቅቃችሁ ጨምሩበት። ጭቃ ያለ ጭድ አይቆምም፤ ትንሹም ቢሆን ያው ነው። ካርቶኑ እንዳይጣመም በሁለቱም በኩል ለስኑት፣ ወይም በመጽሐፍ ተጭናችሁ አድርቁት።

ቆርቆሮው ደግሞ ካርቶን ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃችኋል። የአማዞን ካርቶን አንዱን ፊት በእርጥብ ስፖንጅ አርጥባችሁ ላጡት። ውስጡ ሽንሽኑ ይወጣል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሲካፈል 6 ሚሊ ሜትር። ተራ ካርቶን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ሳሰላ እውነት አልመሰለኝም ነበር፤ ደግሜ ለካሁት። ብርማ ቀለም ቀቡት። ለዝገቱ ጫፍ ጫፉ ላይ ሙጫ አስነክታችሁ የተፈጨ ቀረፋ ነስንሱበት። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ነጩ የማሸጊያ ፎም ላይ የሚነፋ ቀለም አትንፉ። ፎሙን ይበላዋል፣ ወንፊት ያደርገዋል።

እንጀራና ሲኒ ከአንድ ሊጥ ነው የሚወጡት። የበቆሎ ስታርችና ነጭ ሙጫ እኩል በእኩል፣ አንዳንድ ማንኪያ ዘይትና የሎሚ ጭማቂ። በትንሽ እሳት እየማሰላችሁ፣ ከድስቱ ሲላቀቅ አውጥታችሁ አሹት። ለምግብ የምትጠቀሙበትን ድስት አትንኩ፤ ለዚህ የሚሆን አሮጌ ድስት ከጉድዊል፣ ከአሮጌ ዕቃ ሱቁ፣ ግዙ። ሊጡ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ እንጀራው 4 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር እንዲመጣ በ4 ተኩል ቁረጡት። ዓይኑን የምታወጡት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው፤ በቀስታ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ነካ ነካ። በኃይል ከጫናችሁት ብስኩት ይመስላል። ከዚያ የሻይ ውኃ ቀቡት። ጤፉ ሰርገኛ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሻዩን ጠንከር አድርጉት። ሲኒዋ ደግሞ ምስር የምታህል ኳስ ናት፤ በሹራብ መሥሪያ እንጨት ጫፍ ወጋ ሲያደርጓት አፍ ታወጣለች። ቡናው የጥፍር ቀለም ነው፣ ቡናማ፣ አንድ ጠብታ። እንዳብለጨለጨ ይቀራል፤ አሁን የተቀዳ ይመስላል።

ለነጠላ እውነተኛ ነጠላ አትቅደዱ። ድሩ ወፍራም ነው፤ በድንክዬ ሰው ላይ ብርድ ልብስ ይሆናል። የቁስል ጎዝ ይሻላል። ሙጫ በውኃ አቅጥናችሁ ነክራችሁት፣ በርጩማው ላይ ጣል አድርጋችሁ ስታደርቁት፣ አሁን ሰው አውልቆት የሄደ ይመስላል።

ሥራው ሲገፋ ያልጠበቅኩት ችግር መጣ። እጄ ቻለ፤ ትዝታዬ አልቻለም። መስኮቱን ልቆርጥ ስል መስታወቱ ስንት እንደነበር ጠፋኝ። ደወልኩ።

«እማዬ፣ የሳሎናችን መስኮት ስንት መስታወት ነበረው?»

«ስድስት። አንዱ ግን ካርቶን ነበር።»

«የቱ?»

«የታችኛው፣ በግራ በኩል። ወንድምሽ በኳስ የሰበረው። መቼ ተቀየረና!»

በርጩማውን አራት እግር አድርጌ ፎቶ ስልክላት ወዲያው ደወለች። «ሦስት ነው እንጂ! ባለ አራት እግር ጭቃ ወለል ላይ መቼ ይቆማል? ይንገዳገድብሻል።» እውነቷን ነው። ሦስት እግር ጎርባጣ ላይም አይወላውልም። በዚያ በርጩማ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጬ እግሩን ቆጥሬ አላውቅም።

ረከቦቱን መሐል ሳሎን አድርጌ ስልክላት ደግሞ ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም» አለችኝ። «በሩ ጋ ነበር የምቀመጠው። የከሰሉ ጭስ ወደ ውጭ እንዲወጣ። አባትሽ ሳል ነበረበት።» አባቴ የሞተው እኔ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ሳል እንደነበረበት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ረከቦቱን አነሳሁና በሩ ጋ ወሰድኩት። 20 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ያንቀሳቀስኩት።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እደውላለሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ተገልብጦ የተለጠፈ እንደነበር እሷ ናት የነገረችኝ። አሮጌ ገጽ ፎቶ አንስቼ ወደ 8 በመቶ አሳንሼ አተምኩና ገልብጬ ለጠፍኩት። ቄጠማው ሲቀር ተቆጣችኝ፤ አረንጓዴ ስፌት ክር በመቀስ አድቅቄ ጎዘጎዝኩ። ልጄም አሁን አያቷን በስሟ ስትጠራ ፊት ብቻ አይደለም የሚመጣባት። የመቀመጫ ቦታዋንም ታውቃለች።

ልጆች ስላላችሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ ቤት ለሕፃን መጫወቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ አሻንጉሊት፣ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት መሞከሪያ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ቁራጭ ሊኖረው አይገባም። ዛሬ ያሳየኋችሁ ጀበና፣ ሲኒ፣ ጀሪካን ሁሉ ይገባባታል። ምድጃው ውስጥ ፍም የሚመስለው ብርሃን ከባትሪ ሻማ የመጣ ነው፤ ብልጭ ድርግም ሲል ከሰል ይመስላል። ግን ውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ታደርሳለች። እኔ ሻማውን ከወለሉ ሥር አድርጌ ክዳኑን በብሎን አስሬዋለሁ። እናንተም እሰሩ። ትንንሽ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ቤቱን በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት።

በሉ አሁን ወደ ጠረጴዛችሁ ዙሩ። በየጠረጴዛው ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ መቀስና እርሳስ አለ። ሙጫውን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን ቁመት ለ12 አካፍላችሁ ከካርቶኑ ቁረጡ። ከዚያ በኋላ ነው ዕቃ የምንመርጠው። ቁመታቸውን የማታውቁ ደውሉና ጠይቁ። እዚህ ከሰዓት 9 ሰዓት ነው፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ገና አልተኙም።